የጥያቄ ምልክት የሆኑ ስሞች፦ ልዩ ፊደላትና ምልክቶች በሕክምና መረጃ ታሪክ ውስጥ

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል በጠቅላላ ሐኪምነት ስሠራ፣ ከኮምፒዩተር የታተመ የላቦራቶሪ ውጤት ዝርዝር እጄ ገባ። ዕድሜና ጾታ፣ የምርመራው ዓይነትና ውጤቱ በደንብ ይነበባሉ። ስሞቹ ግን የሉም። በስሞቹ ቦታ የጥያቄ ምልክቶች ተደርድረዋል፤ ሦስት ምልክት፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያም አራት ምልክት። ኮምፒዩተሩ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የሰጠው አዲስ ቁጥር ደግሞ በክፍላችን ካርዶች ላይ ገና አልተጻፈም ነበር። ተረኛዋ ሲስተር ወረቀቱን ትኩር ብለው አዩና፣ «ዶክተር፣ ሦስትና አራት ፊደል ስለሆነ ይኼ የአልጋ ስድስቱ መሆን አለበት» አሉኝ። እኔም ካርዶቹን አገላብጬ፣ «ሲስተር፣ የአልጋ ዐሥራ አንዱም እኮ ሦስትና አራት ነው» አልኳቸው።

ሁለቱም ወንዶች ነበሩ፤ የዕድሜ ልዩነታቸውም ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ከሁለቱ ውጤቶች አንደኛው የኩላሊት ድክመትን ያመለክታል፤ ሌላው ጤናማ ነው። የማን የማን እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር ስላልቻልን ከሁለቱም እንደገና ደም ቀዳን። ጉዳት ሳይደርስ አለፈ። ይሁን እንጂ አንድ ነገር በአእምሮዬ ቀረ። ሕመምተኞቹ ስማቸውን በትክክል ተናግረዋል፤ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛም በትክክል ጽፈዋል። ስሙ የጠፋው በመካከል፣ መረጃው ወደ ቋቱ በገባበት ቅጽበት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ቅጽበት ከየት እንደመጣ በታሪክ ማሳየት ነው። የኮምፒዩተር ባለሙያዎች «ልዩ ምልክቶች» የሚሏቸው ፊደላትና ምልክቶች በተፈጥሯቸው ልዩ አይደሉም። ልዩ ያደረጋቸው ገበታውን ያዘጋጀው ሰው ለእነርሱ ቦታ አለመተዉ፣ ወይም ያንኑ ቦታ ለትእዛዝ መጠቀሙ ነው። ጉዳዩ የቴክኒክ ሠራተኞች ብቻ የሚመስለን እንኖር ይሆናል፤ ታሪኩን ስንመረምር ግን ከመነሻው ጀምሮ የጤና ባለሙያ ጉዳይ ሆኖ እናገኘዋለን።

ከስም በፊት ቁጥር ነበረ

መረጃን በመኪና የማጠናቀር ሐሳብ ሲነሣ በቦታው ሐኪም ነበር። ኢንዴክስ ሜዲከስን የመሠረተው አሜሪካዊው ሐኪም ዶ/ር ጆን ሾው ቢሊንግስ በ1880 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ የልደትና የሞት ስታቲስቲክስን ይመራ ነበር። ያን ሁሉ ወረቀት በእጅ ከመቁጠር ይልቅ በካርድ ላይ ቀዳዳ በመብሳት በመኪና ማጠናቀር እንደሚቻል ለወጣቱ መሐንዲስ ለኸርማን ሆለሪዝ ሐሳቡን ያቀረበለት እርሱ እንደሆነ ይነገራል። ሆለሪዝ መኪናውን ሠርቶ ከሞከረባቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ የባልቲሞር ከተማ የሞት ስታቲስቲክስ ነበር። የ1890 የሕዝብ ቆጠራ የተጠናቀረውም በዚሁ መኪና ነው። ድርጅቱ በ1911 ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ በ1924 ዛሬ አይቢኤም በምንለው ስም ተጠራ።

በእነዚያ ካርዶች ላይ ስም አልነበረም። ዕድሜ፣ ጾታና የሞት ምክንያት የሚታወቁት በቀዳዳው ቦታ ነበር። ቀዳዳ ደግሞ ቋንቋ የለውም። አማርኛም ሆነ እንግሊዝኛ ለመኪናው አንድ ነበሩ። ችግሩ የተፈጠረው መኪናው ሟቾችን ከመቁጠር አልፎ ሕያዋን ሕመምተኞችን በስማቸው መያዝ ሲጀምር ነው። በቦስተን የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ለሕክምና መዝገብ ተብሎ የተሠራው ሙምፕስ የተባለው ቋንቋ ጽሑፍን እንደ ልብ የሚያስተናግድ ነበር፤ ጽሑፉ ግን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበር።

የ128 ቦታዎች ገበታ

ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር የሚሰጥ የስምምነት ገበታ ያስፈልጋል። አስኪ የተባለው የአሜሪካ ገበታ በ1963 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ1967 ትንንሾቹን የላቲን ፊደላት ጨምሮ ተሻሻለ። ጠቅላላ ቦታው 128 ነው። ከእነዚህ 33ቱ እንደ «መስመር ቀይር» ላሉ የማይታዩ ትእዛዞች ሲሰጡ 95ቱ ለሚታዩ ፊደላት፣ አኃዞች፣ ምልክቶችና ለክፍት ቦታ ተመደቡ። በዚህ ገበታ ውስጥ ለፈረንሳይኛ ባለ ጭረት ፊደላትም ሆነ ለግሪክ፣ ለዓረብኛና ለግዕዝ ፊደላት ቦታ አልነበረም።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ የረቀቀ ነው። በገበታው ውስጥ ቦታ ያገኙት ጥቂት ምልክቶችም ድርብ ሥራ ተሰጣቸው፤ በአንድ በኩል የጽሑፍ አካል ናቸው፣ በሌላ በኩል ለመኪናው ትእዛዝ ናቸው። የአይቢኤም ባለሙያ የነበረው ቦብ ቢመር ይህን አስቀድሞ ስለተገነዘበ «ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን በተለመደው ትርጉሙ አትውሰደው» የሚል የማምለጫ ምልክት እንዲኖር አደረገ። ወደ ኋላ ያዘነበለችው እዝባርም ( \ ) ወደ ገበታው የገባችው በእርሱ ጥረት ነው። ዛሬ ፕሮግራም አዘጋጆች ልዩ ምልክቶችን ለማሳለፍ የሚጠቀሙበት ዘዴ ሁሉ የዚህ ሐሳብ ዘር ነው።

የድርብ ሥራው ጣጣ በግልጽ የታየው በመረጃ ቋቶች (ዳታቤዞች) ዘመን ነው። ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. መረጃን በተዛማጅ ሠንጠረዦች የማደራጀትን ንድፍ አቀረበ። በ1974 ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ኋላ ኤስኪውኤል የተባለውን የመጠየቂያ ቋንቋ አስተዋወቁ፤ በ1986 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ መመዘኛ ሆነ። በዚህ ቋንቋ ማንኛውም ጽሑፍ በሁለት ነጠላ ጭረቶች ( ' ) መካከል ይቀመጣል። የመጀመሪያዋ ጭረት «ጽሑፉ ተጀመረ» ስትል ሁለተኛዋ «ጽሑፉ አበቃ» ትላለች። እንግዲህ በስሙ ውስጥ ራሱ ጭረት ያለበት ሰው ሲመጣ ምን ይሆናል? መኪናው ስሙ በመካከል እንዳበቃ ይቆጥራል፤ የቀረውን የስሙን ክፍል እንደ ትእዛዝ ለማንበብ ይሞክራል፤ አልገባውም ብሎም መዝገቡን ይመልሳል።

በስማቸው ውስጥ ጭረት ያላቸው አየርላንዳውያን በዚህ ችግር ሲማረሩ ኖረዋል። ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ማዕዛ፣ ርእዮት፣ በእምነት የሚሉ ስሞችን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ የዐይኑን ወይም የአልፋውን ድምፅ ለመጠበቅ ብዙውን ጊዜ ጭረት ያስገባል። በውጭ አገር የሚኖር ወገናችን በፓስፖርቱ ላይ ጭረት ኖሮ በክሊኒኩ መዝገብ ላይ ባይኖር አንድ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል፤ የመድኃኒት አለርጂው በአንደኛው ስም ተመዝግቦ ማዘዣው በሌላው ስም ሊወጣ ይችላል።

መድኀኒቱ ከመጀመሪያው ይታወቅ ነበር። የቋንቋው ሕግ በጽሑፍ ውስጥ ያለች ጭረት በሁለት ጭረት እንድትጻፍ ያዛል፤ መኪናውም ሁለቱን እንደ አንድ ጭረት ቆጥሮ ያስቀምጣቸዋል። ከዚህ የተሻለው መንገድ ትእዛዙንና መረጃውን ለይቶ መላክ ነው፤ ትእዛዙ አስቀድሞ ይዘጋጃል፣ ስሙ የሚገባበት ቦታ ባዶ ይተዋል፣ ስሙም ምንም ምልክት ቢኖርበት እንደ መረጃ ብቻ ይገባል። ይህን ቸል ማለት መዝገብን ከማሰናከል ያለፈ አደጋ እንዳለው በ1998 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ጄፍ ፎሪስታል የተባለ የኮምፒዩተር ደኅንነት ባለሙያ በይፋ ጻፈ። በስም መሙያው ቦታ ሆን ብሎ ጭረትና ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው ቋቱን ሊያነብና ሊያጠፋ እንደሚችል አሳየ። የሕሙማንን ምስጢር ለጠበቀ ሙያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሥራ ላይ የተለመደው መፍትሔ ግን ሌላ ነበር፤ ጭረቷን ማጥፋት። መኪናው እንቢ ሲል ጸሐፊው የሰውየውን ስም ያርማል። የዚህ ታሪክ ዋና ጥያቄም እዚህ ላይ ነው፤ ገበታውና ሰውየው አልስማማ ሲሉ የሚታጠፈው ማነው?

ምልክቱ መጠን ሲሆን

ጉዳዩ በስም ላይ አይቆምም። በጽሑፋችን ውስጥ ያሉ አንዳንድ ምልክቶች ራሳቸው የሕክምና ትርጉም ያላቸው ናቸው።

በሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪውን ኮምፒዩተር ከካርድ ክፍሉ ኮምፒዩተር ጋር ለማነጋገር ኤችኤል ሰቨን የተባለው የመልእክት መመዘኛ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተዘጋጅቷል። በብዙ አገሮች የሚሠራበት ሁለተኛው ትውልድ መልእክቱን በአምስት ምልክቶች ይከፋፍላል፤ እነርሱም | ፣ ^ ፣ ~ ፣ \ እና & ናቸው። ስለዚህ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ማስታወሻው ላይ «ትኩሳትና ሳል» ለማለት & ቢጽፍና ላኪው ፕሮግራም ምልክቷን በማምለጫዋ ካልቀየራት፣ ተቀባዩ ማስታወሻውን ለሁለት ይቆርጠዋል። ሁለተኛው ክፍልም በማይታይበት ቦታ ሊወድቅ ይችላል።

«<» የምትለውን ምልክት እንመልከት። የኤችአይቪ ቫይረስ መጠን ውጤት «<50» ተብሎ ሲመጣ መሣሪያው ከ50 በታች ያለውን ቁጥር ለክቶ መናገር አልቻለም ማለት ነው። ይሁንና በ1998 እ.ኤ.አ. በጸደቀው ኤክስኤምኤል በተባለው የመረጃ አጻጻፍ «<» የትእዛዝ መክፈቻ ናት፤ በማምለጫ ካልተተካች ሙሉው መልእክት ውድቅ ይሆናል። ቁጥር ብቻ የሚቀበል መሙያም «<»ን አያስገባም። መረጃ አስገቢው ምን ያደርጋል? ምልክቷን ትቶ 50 ብሎ ይጽፋል። «ሊለካ አልቻለም» የነበረው ውጤት «ተለክቶ 50 ሆነ» ማለት ነው። በአንድ ሕመምተኛ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ በሺህ መዝገቦች ላይ ጥናት ለሚሠራ ሰው ግን መደምደሚያውን ያዛባል።

ከሁሉ የሚያስፈራው የማይክሮግራም ጉዳይ ነው። ማይክሮን የምታመለክተው ሚዩ የተባለችው የግሪክ ፊደል በአስኪ ገበታ ውስጥ የለችም። ሲምቦል በተባለው የታወቀ የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ውስጥ የተቀመጠችው በላቲኗ ኤም ቦታ ላይ ነው። በዐይን የሚታየው ሚዩ ነው፤ በመኪናው ውስጥ የተመዘገበው ግን ኤም ነው። ጽሑፉ ወደ ሌላ ፕሮግራም ተገልብጦ ሲምቦል የተባለው ቅርጽ ሲወልቅ ማይክሮግራም የነበረው ሚሊግራም ሆኖ ይወጣል። የታይሮይድ ሆርሞን ማዘዣ ላይ 100 ማይክሮግራም 100 ሚሊግራም ሆነ ማለት መጠኑ በሺህ እጥፍ አደገ ማለት ነው። የመድኃኒት ስሕተቶችን የሚከታተለው የአሜሪካው አይኤስኤምፒ የተባለ ተቋም በአሳሳች አጻጻፎች ዝርዝሩ ውስጥ ይህችን ምልክት ያካተታት በእጅ ጽሑፍም ኤም ስለምትመስል ነው።

ምልክቶች በበሽታ ምደባችንም ውስጥ አሉ። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ ዐሥረኛ እትም የቲቢ ማጅራት ገትር መንሥኤው በጦር ምልክት ( † )፣ መገለጫው ደግሞ በኮከብ ( * ) ተለይቶ በሁለት ኮድ ይጻፋል። የጦሯ ምልክት በአስኪ ውስጥ የለችም፤ ኮከቧ ደግሞ በብዙ የፍለጋ ፕሮግራሞች «ማንኛውም ነገር» የሚል ትእዛዝ ናት። ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ዐሥራ አንደኛው እትም እነዚህን ትቶ ኮዶችን በእዝባር ( / ) እና በ & ያያይዛል። & ደግሞ ከላይ እንዳየነው በመልእክቱ መመዘኛ ውስጥ መክፈያ ናት። የድሮው ጥያቄ በአዲስ ልብስ ተመልሶ መጥቷል።

የግዕዝ ፊደል ጉዞ

ከላይ ስለ ሚዩ የተነገረው ነገር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አዲስ አይሆንበትም። የእኛ ፊደል ለዓመታት በኮምፒዩተር ላይ የኖረው በዚያው ዓይነት ሽፋን ነበርና።

የግዕዝ ፊደል በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በዮሐንስ ፖትከን አማካይነት መዝሙረ ዳዊት ታትሞበት የኅትመት ፊደል ከሆነ ቆይቷል። ለማተሚያ ቤት የፊደል ብዛት እንቅፋት አልነበረም፤ ተጨማሪ የእርሳስ ፊደላትን ማቅለጥ ይበቃል። የጽሕፈት መኪና ግን የቁልፎቹ ቁጥር የተወሰነ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ ፊደሉን በግንድና በቅጥያ ከፋፍሎ ከመገጣጠም በቀር አማራጭ አልነበራቸውም። የታጠፈው ፊደሉ ነበር።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የግል ኮምፒዩተሮች ሲስፋፉ፣ አቶ ፍስሐ አጥላውንና የእንስሳት ሕክምና ባለሙያውን ዶ/ር አበራ ሞላን ጨምሮ በርካታ ኢትዮጵያውያን በአገር ውስጥም በውጭም ፊደላቸውን በመኪናው ላይ ለማስቀመጥ ደከሙ። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ በየቢሮው የታወቁት እነ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝም የዚሁ ጥረት ፍሬዎች ናቸው። የጊዜው መኪና ለአንድ የፊደል ቅርጽ የሚሰጠው ከ256 ያልበለጠ ቦታ ነበር። የአማርኛ ፊደል ዲቃሎቹን፣ አኃዙንና ሥርዓተ ነጥቡን ጨምሮ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀመጡት፤ ያልበቃውንም በሁለት ቅርጽ ከፈሉት ወይም ከቁራጮች ገጣጠሙት። በዘመኑ አቅም ሲመዘን ይህ ትልቅ ብልሃት ነበር፤ መሥሪያ ቤቶቻችን በአማርኛ የጻፉት በዚህ ብልሃት ነው።

ለኅትመት በቂ የነበረው ብልሃት ለመረጃ ቋት ግን አልበቃም። በወረቀት ላይ የሚታየው አማርኛ በመኪናው ውስጥ የላቲን ፊደል ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ድርድር ሆነ። በፊደል ተራ ሲደረደር በ«ሀለሐመ» ፈንታ የላቲኑን ተራ ተከተለ። ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አንድ አድርጎ የሚፈልግ ፕሮግራም በእኛ ዘንድ የተለያዩ ሁለት ፊደላትን አንድ አደረጋቸው። ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው ሲዛወርም የየሠሪው ገበታ የተለያየ ስለነበር ጽሑፉ ተበላሸ።

መውጫው ለዓለም ፊደላት ሁሉ የራሳቸውን ቁጥር መስጠት ነበር። የዜሮክስ ኩባንያ ባለሙያ የነበረው ጆ ቤከር በ1988 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ብሎ የሰየመውን ሐሳብ አቀረበ። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 ዩቲኤፍ-8 የተባለውን የአጻጻፍ ዘዴ ነደፉ። የግዕዝ ፊደል በመስከረም 1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም 345 ቦታዎች ተሰጡት፤ በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ደግሞ የሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ፊደላት ተጨመሩ። «በ» የላቲን ፊደል ጭምብል ሳትለብስ ራሷን የሆነችው ያን ጊዜ ነው።

ሆኖም ፊደሉ በመመዘኛ ውስጥ መግባቱና እያንዳንዱ ፕሮግራም መመዘኛውን መከተሉ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሰፊው የሚሠራበት ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት ዩቲኤፍ-8ን ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢያውቅም፣ እስከ 2018ቱ ስምንተኛ እትሙ ድረስ ሳይነግሩት የሚመርጠው የምዕራብ አውሮፓን የላቲን ገበታ ነበር። በሌላው የታወቀ ቋት በኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ ጽሑፉ ዩኒኮድ መሆኑን ለመንገር ከመክፈቻዋ ጭረት በፊት ኤን የምትባል አንዲት የላቲን ፊደል መጻፍ የተለመደ ነው። ፕሮግራም አዘጋጁ ያችን አንዲት ፊደል ቢረሳ ገበታው የማያውቀው እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በአንድ የጥያቄ ምልክት ይተካል። ሦስትና አራት ፊደል የነበረው ስም ሦስትና አራት የጥያቄ ምልክት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

የርዝመት ነገርም አለ። ግዕዝ በወረቀት ላይ ቆጣቢ ፊደል ነው፤ በዩቲኤፍ-8 ግን እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። «ወልደ ጊዮርጊስ» ስምንት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ስለሆነ 25 ባይት ይፈልጋል። የስም መሙያው በ20 ባይት የተወሰነ ቢሆን «ወልደ ጊዮር» ላይ ይቆረጣል።

ምልክቶቹን መለየት

በካርድ ክፍልም ሆነ በተኝቶ ሕክምና ክፍል ያለ የጤና ባለሙያ የተበላሸ ስም ሲያይ እንደ ማንኛውም ሕመም ምልክቱን መለየት ይችላል። ተስፋው እንደ ምልክቱ ይለያያልና።

ባዶ ሣጥኖች ከታዩ መረጃው ጤናማ ነው። ኮምፒዩተሩ ፊደሉን የሚስልበት ፎንት አጥቶ እንጂ ስሙ በቦታው አለ። ፎንቱን መጫን ይበቃል።

የተመሰቃቀለ የላቲን ድርድር ከታየ መረጃው ታምሟል፤ ነገር ግን ይድናል። በየሦስቱ ምልክት መጀመሪያ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ኤ እየተደጋገመች ከመጣች ዩቲኤፍ-8 በላቲን ገበታ ተነቧል ማለት ነው። ድግግሞሽ ከሌለው የድሮ ፎንት ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በባለሙያ ይመለሳሉ። በዚህ ጊዜ ትልቁ ጥንቃቄ በላዩ ላይ አለመጻፍና እንደገና አለማስቀመጥ ነው።

የጥያቄ ምልክቶች ከታዩ ግን ነገሩ ከባድ ነው። ሞትን ከማወጃችን በፊት ምንጩን መፈተሽ ይገባል፤ አንዳንድ ጊዜ የተበላሸው ኅትመቱ ብቻ ሆኖ በቋቱ ውስጥ ያለው ስም ደኅና ሆኖ ይገኛል። በቋቱ ውስጥም የጥያቄ ምልክት ከሆነ ስሙ ጠፍቷል፤ ማንኛውም ጥበብ ከጥያቄ ምልክት ስም አያወጣም። በመግቢያው የጠቀስኩት ሁኔታ ይኸኛው ነበር። ስሞቹ የተመለሱት የካርድ ክፍሉ ሠራተኞች የወረቀቱን መዝገብ ገልጠው አንድ በአንድ እንደገና በማስገባታቸው ነው።

ገበታው ያልፈታው

ዩኒኮድ ለፊደላችን ቦታ ሰጠ እንጂ የአጻጻፍ ልማዳችንን አላስተካከለም። ኃይሉ የሚለውን ስም መጀመሪያ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ብንጽፈው ጆሯችን አንድ ይለዋል፤ መኪናው ግን ስድስት የተለያዩ ሰዎችን ያያል። ገብረ ማርያም፣ ገብረማርያምና ገ/ማርያምም ሦስት ናቸው። በእዝባሯ ላይ ሌላ ጣጣ አለ፤ ኮምፒዩተሮች እዝባርን የማኅደሮች መለያ ስላደረጓት ውጤቱን «ገ/ማርያም» በሚል የፋይል ስም ለማስቀመጥ የሞከረ ሰው አይሳካለትም። «ዶ/ር» የሚለው የራሳችን መጠሪያም ልዩ ምልክት የተሸከመ መሆኑን ልብ ይሏል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቃቸው ዘጠኝ የሕሙማን ደኅንነት መፍትሔዎች ውስጥ ሕመምተኛን ቢያንስ በሁለት መለያዎች፣ ለምሳሌ በስምና በትውልድ ቀን መለየት አንዱ ነበር። በአገራችን ግን የትውልድ ቀኑን በትክክል የማያውቅ ሕመምተኛ ብዙ ነው፤ ዕድሜ በግምት ይጻፋል። የቤተሰብ መጠሪያ ስምም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ስለዚህ በእኛ ዘንድ በስሙ ላይ የሚያርፈው ሸክም ከሌላው አገር ይከብዳል። ስሙ ሲጠፋ የሚተካው ነገር ጥቂት ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለዕለት ሥራችን የሚተርፉ ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ አዲስ የመረጃ ሥርዓት ወደ ጤና ተቋማችን ሲገባ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እኛው ራሳችን በአስቸጋሪ ስሞች እንፈትነው። ረጅም ስም፣ እዝባር ያለበት ስም፣ በላቲን ሲጻፍ ጭረት ያለበት ስም፣ «<» ያለበት ውጤት እናስገባ፤ ከዚያም በስክሪኑ ላይ ብቻ ሳይሆን አትመንና ወደ ሌላ ክፍል ልከን እንይ። ሁለተኛ፣ ማይክሮግራምን በምልክት ሳይሆን በቃል እንጻፍ። ሦስተኛ፣ የካርድ ቁጥሩ በሁሉም ወረቀት ላይ ይኑር፤ የወረቀቱ መዝገብም አዲሱ ሥርዓት እስኪረጋገጥ አይጣል። አራተኛ፣ ሥርዓቱ ሞክሼ ፊደላትን በፍለጋ ጊዜ አንድ አድርጎ እንዲያይ፣ ሲያስቀምጥ ግን ሰውየው እንደጻፈው እንዲያስቀምጥ እንጠይቅ።

ከሁሉ በላይ፣ መኪናው አንድን ስም ወይም ምልክት አልቀበልም ሲል ስሙን ለማረም አንቸኩል። እንቢ ያለውን ስም በማስታወሻ ይዘን ሥርዓቱን ለሠራው ባለሙያ እናሳውቅ። ጉድለቱ የገበታው እንጂ የሕመምተኛው አይደለም። ገበታው ከ128 ቦታ ተነሥቶ ፊደላችንን ወደ መያዝ የደረሰው «ይህ ፊደል አለ፤ ቦታ ይሰጠው» ብለው ያላቋረጡ ሰዎች ስለነበሩ ነው። በካርድ ክፍሉ መስኮት ቆሞ ስሙን የሚናገር ሰው ስሙ እንደተናገረው ተጽፎ፣ እንደተጻፈም አልጋው ድረስ እንዲደርስ ማድረግ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።